ቅርጹ ቀድሞ መጣ፣ ቁሱ ዘገየ፦ የፓንተን ወንበር የጉዳይ ጥናት

ስለ ዴንማርክ ወንበር ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት እንጨት ነው። ቲክ፣ ኦክ፣ በእጅ የተላገ መደገፊያ፣ ረጋ ያለ ቡናማ። እኔ ዛሬ የማነሳው ከዚያው አገርና ከዚያው ዘመን የወጣ ሌላ ወንበር ነው። ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የኋላ እግር የለውም፣ ከመደገፊያው እስከ ወለሉ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። የዴንማርካዊው ንድፍ አውጪ የቨርነር ፓንተን ወንበር። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል። በጥር 1995 የእንግሊዙ ቮግ መጽሔት ሽፋን ላይ ሞዴሏ ኬት ሞስ የተቀመጠችበት እሱ ነው።

የወንበሩ ውበት ላይ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ታሪኩ ነው። ሐሳቡ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተወለደ፣ ለገበያ የበቃው በ1967 እና በ1968 ነው፣ በ1979 ምርቱ ቆመ፣ በርካሽ ዋጋ በአስተማማኝነት መሠራት የቻለው ደግሞ በ1999 ነው። አንድ ወንበር 40 ዓመት! ዕቃ የሚሠራ፣ የሚያሠራ ወይም የሚነድፍ ሰው ሁሉ ከዚህ ጉዳይ የሚወስደው ነገር ስላለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልጻፈው አልኩ። ስማቸው በታሪክ የታወቀውን እጠራለሁ፤ በፋብሪካው ውስጥ የደከሙትን መሐንዲሶችና ሠራተኞች፣ እምቢ ያሉትንም አምራቾች በሥራቸው ብቻ ነው የማነሳቸው። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

በ1950ዎቹ የዴንማርክ የቤት ዕቃ በዓለም ላይ ስሙ የገነነ ነበር። መሠረቱን የጣለው ኮረ ክሊንት ነው፤ ከ1924 ጀምሮ በኮፐንሃገን የሥነ ጥበብ አካዳሚ የቤት ዕቃ ትምህርትን አቋቁሞ ሲያስተምር የሰውን አካል መለካትን፣ የድሮ ወንበሮችን ማጥናትን፣ እንጨቱን ማክበርን አስለመደ። ከእሱ በኋላ የመጡት እነ ሃንስ ቬግነርና ቦርገ ሞገንሰን ከአናጺዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ሠሩ። የኮፐንሃገን የአናጺዎች ማኅበር ከ1927 እስከ 1966 በየዓመቱ ኤግዚቢሽን ያዘጋጅ ነበር፤ ብዙዎቹ ዝነኛ ወንበሮች መጀመሪያ የታዩት እዚያ ነው። የቬግነር የ1949 ክብ ወንበር በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ተቀምጠውበት አሜሪካን አዳረሰ።

ይሄ ዓለም ቀለምና ደፋር ቅርጽ አልነበረውም ማለት ግን ስህተት ነው። ፊን ዩል ወንበሮቹን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ነበር የሚያያቸው። አርክቴክቱ አርነ ያኮብሰን ደግሞ በኮፐንሃገን ለተሠራው የኤስ ኤ ኤስ ሆቴል በ1958 «እንቁላል» እና «ስዋን» የተባሉትን ወንበሮች ነደፈ፤ ቀጥ ያለ መስመር የሚባል ነገር የላቸውም፣ የውስጥ ቅርፊታቸውም እንጨት አይደለም። ስለዚህ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በርግዶ የገባው ፓንተን ነው።

ፓንተን በ1926 በፊውን ደሴት ጋምቶፍተ በምትባል መንደር ተወለደ። በኦደንሰ ቴክኒክ ተማረ፣ ከዚያ በኮፐንሃገን አርክቴክቸር አጥንቶ በ1951 ጨረሰ። ከ1950 እስከ 1952 ያኮብሰን ቢሮ ሠርቷል፤ «ጉንዳን» የሚባለው ባለ ሦስት እግር የኮምፔርሳቶ ወንበር ሲወለድ እዚያው ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቀጭን ቅርፊት መቀመጫም መደገፊያም መሆን እንደሚችል፣ ግን ኮምፔርሳቶ በሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ላጥፍህ ሲሉት እንደሚሰነጠቅ በዓይኑ አይቷል ማለት ነው።

ወላጆቹ በፊውን ደሴት «ኮም ኢገን» የሚባል የእንግዳ ማረፊያ ያካሂዱ ነበር። በ1958 ቤቱ ሲታደስ ውስጡን እንዲሠራ ለልጃቸው ሰጡት። ግድግዳውን፣ ጨርቁን፣ ምንጣፉን፣ የአስተናጋጆቹን ልብስ ሳይቀር በተለያየ የቀይ ዓይነት ሞላው። ጫፉ ወደ ታች የሆነ የሾጣጣ ቅርጽ ወንበርም ለዚያው ቤት ነደፈ። አንድ ነጋዴ በምረቃው ላይ አይቶት ወዲያው ላምርተው አለ። ፓንተን ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚታወቅ ሰው ሆነ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ ሾጣጣው ወንበር ለዓይን ደፋር ይሁን እንጂ አሠራሩ የታወቀ ነበር። የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ የብረት መቆሚያ። ማንኛውም ደህና የሶፋ ሠራተኛ ይገባዋል። ቀጣዩ ግን እንደዚያ አልነበረም።

ችግሩ

ፓንተን የፈለገው ከአንድ ቁራጭ የተሠራ፣ ምንም መገጣጠሚያ የሌለው፣ እየተደራረበ የሚቀመጥ ፕላስቲክ ወንበር ነው። ቅርጹን ላስረዳችሁ። መደገፊያው ወደ ታች ይወርድና መቀመጫ ይሆናል። መቀመጫው ወደ ፊት ይሄድና በጉልበታችሁ ሥር ወደ ታች ይታጠፋል። ከዚያ ወደ ኋላ እየተሳበ ይወርድና ወለሉ ላይ ሰፋ ብሎ ይቆማል። ከጎን ስታዩት ኤስ የሚባለውን የላቲን ፊደል ይመስላል።

ከኋላ ምንም ድጋፍ የለም። የሰው ክብደት ደግሞ የሚያርፈው በኋላ በኩል ነው። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ በፊተኛው መታጠፊያ በኩል አልፎ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሰው በተቀመጠ ቁጥር ያ መታጠፊያ ሊከፈት ይሞክራል፣ ሲነሳ ይመለሳል። ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ይወዛወዛል፣ ልጅ ይቆምበታል።

ሐሳቡ ብቻውን አዲስ አልነበረም። ሆላንዳዊው ንድፍ አውጪ ሪትፌልት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአራት ጠፍጣፋ ጣውላ የዚግዛግ ወንበር ሠርቷል። ፓንተን ራሱ በ1956 ከኮምፔርሳቶ የኤስ ቅርጽ ወንበር ነድፎ ነበር፤ እሱን ቶኔት የሚባለው የቤት ዕቃ አምራች በ1960ዎቹ አጋማሽ አመረተው። በኮምፔርሳቶ ግን መታጠፍ የሚቻለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ፓንተን የፈለገው መቀመጫው እንዲጎደጉድ፣ ጎኖቹ እንዲታጠፉ፣ እግሩ እንደ ቀሚስ ጫፍ እንዲሰፋ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲሆን ነበር። ያንን የሚችለው ሻጋታ ውስጥ የሚፈስ ወይም የሚጫን ነገር ነው።

የጎን ጠርዞቹ ለጌጥ አይደሉም። ጠፍጣፋ ሉህ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ጠርዙ የታጠፈ ሉህ ግን ይጠነክራል። ያቺ ከመደገፊያው ጀምራ በመቀመጫው ጎን ወርዳ እግሩ ድረስ የምትሄደው የታጠፈች ጠርዝ ወንበሩን የምትሸከመው ናት። ውበቱና ጉልበቱ አንድ መስመር ላይ ነው ያሉት። ይሄን ወንበር የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው፤ ዝም ብሎ «ቆንጆ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ቅር ይለኛል።

ፋብሪካ ፍለጋ

በ1960 አካባቢ በዴንማርክ ከአንድ የፕላስቲክ ድርጅት ጋር ሆኖ በእውነተኛ መጠኑ ሞዴል አሠራ። ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነበር። ቅርጹን ያሳያል፣ ሰው ግን ሊቀመጥበት አይችልም። ያንን ፎቶና ሞዴል ይዞ በርካታ አምራቾች ዘንድ ሄደ። መልሱ በአጭሩ «አይሆንም» ነበር።

በእምቢታቸው መፍረድ አይቻልም። ለፕላስቲክ የሚሆን የብረት ሻጋታ ያኔም ዛሬም እጅግ ውድ ነው። ሻጋታውን ከሠራችሁ በኋላ ወንበሩ ቢሰበር ገንዘቡ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ያንን ቅርጽ ከነሸክሙ ይችላል ብሎ የሚያረጋግጥ ፕላስቲክ ደግሞ በዚያን ጊዜ ማንም እጅ ላይ አልነበረም። ችግሩ የድፍረት ማነስ ነው ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰዎቹ ያልተቀበሉት ሊሰላ የማይችል አደጋ ነው።

ፓንተን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከዴንማርክ ወጥቶ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ መኖር ጀመረ። እዚያው አካባቢ ቪትራ የሚባል የቤት ዕቃ ድርጅት ነበር። ባለቤቱ ቪሊ ፌልባውም ከ1957 ጀምሮ የአሜሪካውን የቤት ዕቃ ድርጅት የሄርማን ሚለርን ዕቃዎች ለአውሮፓ በፈቃድ ያመርት ነበር፤ ማለትም የአሜሪካውያኑን ንድፍ አውጪ ባልና ሚስት የቻርልስና ሬይ ኢምስን የፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የጠነከረ ፕላስቲክ) ወንበሮች ያውቃቸዋል። ይሄ ወሳኝ ነው። ፓንተን መጨረሻ ላይ ያገኘው አምራች ሐሳቡን የተቀበለው ከሌሎቹ የበለጠ ደግ ስለሆነ አይደለም። የቅርፊት ወንበር ልምድ ያለው ፋብሪካ ነው፣ የራሱ የሆነ ምርት ገና አልነበረውም፣ ቅርብ ነው፣ ንድፍ አውጪው በየጊዜው ብቅ ሊል ይችላል። የፓንተን ወንበር ቪትራ ከመጀመሪያው አንስቶ ራሱ ያዳበረው የመጀመሪያ ምርት ሆነ።

የተሄደበት መንገድ

ከ1965 ገደማ ጀምሮ ሥራው በትኩረት ተያዘ። ፓንተንና የፋብሪካው መሐንዲሶች ወደ 10 የሚጠጉ ናሙናዎችን ሠሩ። በፖሊስተር በተነከረ ፋይበርግላስ ነበር የሚሞክሩት። ይሄ ቁስ ለሙከራ ይመቻል፤ በእጅ ንጣፍ በንጣፍ ይደረባል፣ ደከም ያለ ቦታ ላይ አንድ ንጣፍ ይጨመራል፣ ጠርዙ ይስተካከላል፣ እንደገና ይሞከራል። በዚህ ሂደት ቅርጹ ራሱ ተለወጠ። በ1960 ከተሠራው ሞዴል ጋር ስታወዳድሩት ልዩነቱ ይታያል። ፓንተን ለዚህ ያሳየው ልብ ሰፊነት ያስደስተኛል። መስመሬን አትንኩ አላለም፣ ዋናውን ሐሳብ ግን አልለቀቀም። አንድ ቁራጭ፣ የኋላ እግር የሌለው። እሱ ላይ ድርድር የለም።

በ1967 ከ100 እስከ 150 የሚገመቱ ወንበሮች ፋይበርግላሱን ሳያሞቁ ሻጋታ ውስጥ በመጫን ተሠሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞቢሊያ የሚባለው የዴንማርክ መጽሔት ይዞት ወጣ። በጥር 1968 ኮሎኝ የቤት ዕቃ ትርዒት ላይ ቀረበና ሰው ጉድ አለ። የኋላ እግር የሌለው ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ የተሠራ የመጀመሪያው ወንበር ነበር።

ግን የፋይበርግላሱ ወንበር ከባድ ነው። ማምረቱም የእጅ ሥራ ይበዛበታል። ፓንተን ለብዙ ሰው የሚሆን የኢንዱስትሪ ወንበር ነበር ያለመው፤ በዚህ መልኩ ግን በእጅ ከሚሠራ የእንጨት ወንበር ብዙም አይለይም።

በ1968 ወደ ሁለተኛው ቁስ ተሻገሩ። የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ባየር «ባይዱር» ብሎ ያወጣው ጠንካራ የፖሊዩረቴን ፎም ነው። ፎም ሲባል ስፖንጅ እንዳይመስላችሁ፤ ሻጋታ ውስጥ ገብቶ ያብጥና ላዩ ድፍን፣ ውስጡ ቀለል ያለ ጠንካራ አካል ይሆናል። ወንበሩ ወፈር አለ፣ ጠንካራም ሆነ። ችግሩ ከሻጋታ ሲወጣ ነው። ላዩ ንጹህ አይሆንም። ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈጋል፣ ይቀባል፣ ይደርቃል። ወንበሩን ከመሥራት ማሳመሩ ይበልጥ ይፈጅ ነበር። ዋጋው አልወረደም።

በ1971 ሦስተኛው መጣ። ይሄኛው ሌላው የጀርመን የኬሚካል ኩባንያ ቢኤኤስኤፍ ያመርተው የነበረ «ሉራን ኤስ» የሚባል የስታይሪን ቤተሰብ ፕላስቲክ ነው። ይቀልጣል፣ በከፍተኛ ግፊት ሻጋታ ውስጥ ይገባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያለቀለት ወንበር ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ ከቁሱ ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ መቀባት የለም፣ መፈግፈግ የለም። ፓንተን ከመጀመሪያው ያለመው ይሄንኑ ነበር። ቁሱ ስስ ስለሆነ መቀመጫው ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ ከሥር ማጠናከሪያ ጎድኖች ተጨመሩለት። ዋጋው ቀነሰ፣ ምርቱ በዛ፣ ወንበሩ በየቤቱ ገባ።

የተሰበረው

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንበሮቹ መሰባበር ጀመሩ። ቁሱ እያረጀ ሲሄድ ያንን የማያቋርጥ መታጠፍና መመለስ መቋቋም አቃተው። አዲስ እያለ ደህና ነው። ሲቆይ ግን መታጠፊያው ጋ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሰው ተቀምጦበት ሳለ ስብር ይላል። ጎድኖቹም አላዳኑትም።

አገራችን የድንኳን ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይሄ ስሜት አይጠፋውም። ለዓመታት ፀሐይ የመታው ወንበር አንዱ እግሩ ሳይታሰብ ይከፈታል። እሱ ግን አራት እግር አለው፤ አንዱ ቢከዳ ሦስቱ ይይዟችኋል። የፓንተን ወንበር ያለው መታጠፊያ አንድ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዘመኑም ተለውጦ ነበር። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣና የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ተወደደ፣ ሰውም በፕላስቲክ ላይ ፊቱን አዞረ። በ1960ዎቹ የመጪው ዘመን ምልክት የነበረው ቁስ የርካሽ ነገር ምልክት ሆነ። የሚሰበር ደፋር ወንበር ደግሞ ለዚህ ወሬ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1979 ምርቱ ቆመ።

ብዙ የዲዛይን መጻሕፍት ይህችን ክፍል በአንድ መስመር ነው የሚያልፏት። ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። ምክንያቱም በ1971 የተወሰደው ውሳኔ ሞኝነት አልነበረም። ዋጋውን ማውረድ የግድ ነበር፤ አለዚያ ወንበሩ የሙዚየም ዕቃ ሆኖ ይቀር ነበር። ቁሱም በዘመኑ ከነበሩት የተሻለ ተስፋ የተጣለበት ነው። የጎደለው ጊዜን የመፈተን መንገድ ነው። አንድን ወንበር ምን ያህል ኪሎ እንደሚሸከም በአንድ ቀን ታውቃላችሁ። ስምንት ዓመት ቤት ውስጥ ኖሮ፣ ሙቀትና ፀሐይ አይቶ፣ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ሰው ተቀምጦበት ምን እንደሚሆን ግን በአንድ ቀን አይታወቅም።

ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ፊት

በ1983 ወንበሩ እንደገና መመረት ጀመረ፤ በሌላ የጀርመን አምራች፣ በፖሊዩረቴኑ ጠንካራ ፎም። ማለትም ውድ ወደነበረው፣ ግን ወዳልተሰበረው ቁስ ተመለሱ። በ1990 ቪትራ ራሱ መልሶ ያዘው። አሁን «ክላሲክ» ተብሎ የሚሸጠው የሚያብረቀርቀው ወንበር የዚህ ዘር ነው።

የርካሹ ወንበር ጥያቄ ግን አልተዘጋም። በ1990ዎቹ ፓንተን ከቪትራ ጋር ፖሊፕሮፒሊን በሚባል ፕላስቲክ መሥራት ጀመረ። ፖሊፕሮፒሊን ሲታጠፍ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው የፕላስቲክ ወንበር የሚሠራው በእሱ ነው። ወንበሩ በ1999 ወጣ። ቀለሙ ከውስጥ የተደባለቀ፣ ላዩ የማያብረቀርቅ፣ ዋጋው ከክላሲኩ በብዙ የቀነሰ። ፓንተን ግን አላየውም። መስከረም 5 ቀን 1998 ኮፐንሃገን ውስጥ አረፈ፤ ኮልዲንግ ከተማ በሚገኘው ትራፕሆልት ሙዚየም ስለ ብርሃንና ቀለም ያዘጋጀው ትልቅ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት።

ቀለሙስ?

ስለ ቁስ ይሄን ያህል ያወራሁት ቀለሙን ረስቼ አይደለም። በዚህ ወንበር ላይ ቀለሙን ከቁሱ ለይቶ ማውራት ስለማይቻል ነው።

ፓንተን ስለ ቀለም ጠንካራ አቋም ነበረው። ቀለም መምረጥ የዕድል ጨዋታ መሆን የለበትም፣ ታስቦበት የሚደረግ ውሳኔ ነው ይል ነበር። ሰው በሚወደው ቀለም ላይ ሲቀመጥ ይበልጥ ይመቸዋል ብሎም ያምናል። ነጭ ቀለምን ከመጥላቱ የተነሳ ግብር ሊጣልበት ይገባል እስከማለት ደርሷል። ክፍል ሲሠራ ተቃራኒ ቀለሞችን ከማጋጨት ይልቅ ጎን ለጎን የሚውሉትን ይደረድራል፤ ከቀይ ወደ ብርቱካን፣ ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ። በ1969 ለጀርመኑ ሽፒገል መጽሔት የሃምቡርግ ሕንፃ የሠራው እንዲህ ነበር፤ የሠራተኞች መመገቢያው ከጊዜ በኋላ ተነቅሎ የከተማው ሙዚየም ገብቷል። በ1970 ደግሞ ባየር ለኮሎኝ ትርዒት የራይን ወንዝ ላይ መርከብ ተከራይቶ «ቪዚዮና 2» ብሎ ሰጠው፤ ወለሉም ግድግዳውም ጣሪያውም መቀመጫ የሆነ የቀለም ዋሻ ሠራበት። ይሄ ባየር ለወንበሩ ፎሙን የሰጠው ድርጅት ነው። የኬሚካል ኩባንያዎቹ አዲሱን ቁሳቸውን የሚያሳይላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር፣ ፓንተን ደግሞ የሚሠራበት ቁስ። ጥቅማቸው ገጠመ።

ወደ ወንበሩ ስንመጣ፣ የተቀባው የፎም ወንበር ላይ ቀለሙ አንጸባራቂ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በኤስ ቅርጹ ላይ ይፈስሳል፣ መታጠፊያዎቹ ይለያሉ፣ ቀዩ አንድ ቦታ ብርቱካን ሌላ ቦታ ጥቁር እስኪመስል ይለዋወጣል። ቢቧጨር ግን ጭረቱ ይታያል። የፖሊፕሮፒሊኑ ላይ ቀለሙ እስከ ውስጥ ድረስ ስለሆነ ጭረቱ ብዙም አይጎላም፣ ነገር ግን ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ ይሰራጫል፤ ቅርጹ ለስለስ ብሎ ነው የሚታየው። አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቀይ፣ ሁለት የተለያዩ ወንበሮች። እኔን ብትጠይቁኝ ለዓይን አንጸባራቂው ይበልጣል፤ ለቤት፣ ልጆች ላሉበት፣ የማያብረቀርቀውን እመርጣለሁ።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

የመጀመሪያው ነገር ፈተና ነው። ሸክምን ብቻ ፈትናችሁ ዕቃ ገበያ ላይ አታውጡ። በተለይ ሸክሙ በአንድ ቦታ የሚያልፍበት፣ ያ ቦታ ከተሰበረ ሌላ መያዣ የሌለው ዕቃ ከሆነ ድካምንና እርጅናን የሚፈትን መንገድ ፈልጉ። ካልተገኘ በትንሽ ቁጥር አውጡ፣ ሰው ቤት ሄዳችሁ እያያችሁ ጨምሩ። የ1967ቱ ትንሽ ምርት በዚህ በኩል ከ1971ዱ ብልህ ነበር፤ ቢሳሳትም ጉዳቱ ትንሽ ነው።

የማሳመሪያ ሥራን ዋጋ ገና ከንድፉ ጋር አስሉ። የፎሙ ወንበር ለሰፊው ሕዝብ ያልደረሰው በፎሙ ዋጋ አይደለም፤ በስቱኮው፣ በፍጉና በቀለሙ ነው። እዚህም አዲስ አበባ የእንጨትና የብረት ሥራ ያላቸው ሰዎች ይሄንን ያውቁታል፣ ዋጋ ሲናገሩ ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

የማይነካውንና የሚነካውን ለይቶ ማወቅም አለ። ፓንተን አንዱን ሐሳብ ይዞ ውፍረቱን፣ ጠርዙን፣ የእግሩን ስፋት ለፋብሪካው ሰዎች ክፍት አደረገ። በየቁሱ ወንበሩ ትንሽ ትንሽ ተለውጧል፤ የፋይበርግላሱ ስስና ሹል ነው፣ የፎሙ ወፍራም፣ የሉራኑ ባለ ጎድን። ሁሉም ግን ያው ወንበር ናቸው። ሁሉንም ነገር የማይነካ ያደረገ ንድፍ አውጪ ሞዴል ይዞ ይቀራል።

አምራች ስትፈልጉ ደግሞ ትልቁን ሳይሆን ሥራችሁን ለመማር ምክንያት ያለውን ፈልጉ። ቪትራ የራሱን ምርት ፈልጎ ነበር፣ የቅርፊት ወንበር ያውቅ ነበር፣ መንገዱም ቅርብ ነበር። ሦስቱ ባይገናኙ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ናሙና ላይ ይቆም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1983 ወደ ድሮው ቁስ መመለሱን ደግሞ እንደ ሽንፈት አትቁጠሩት። አዲሱ መንገድ ሲከሽፍ ወደሚሠራው ተመልሶ መቆየት፣ የተሻለ ሲገኝ እንደገና መሞከር። ያ ባይሆን ወንበሩ በ1979 ሞቶ ይቀር ነበር።

አሮጌ የፓንተን ወንበር ላጋጠመው

አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ይህን ወንበር ልታገኙ ትችላላችሁ፤ የተኮረጀም ሞልቷል። ገልብጡትና ከሥር እዩ። መቀመጫው ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ የጎድን መስመሮች ካሉት የ1970ዎቹ ሉራን ነው። ከባድ፣ ወፈር ያለ፣ ቀለሙ ቅብ ከሆነና ጭረቱ ሥር ሌላ ቀለም ከታየ የፎሙ ዘር ነው። ቀለሙ እስከ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ላዩ የማያብረቀርቅ ከሆነ ከ1999 ወዲህ የወጣው ነው። የፋይበርግላሱን የማግኘት ዕድላችሁ ጠባብ ነው፤ የተሠራው ትንሽ ነው። ባለ ጎድኑ ከደረሳችሁ መታጠፊያውን በእጃችሁ ዳሱ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ፈልጉ። ባታገኙም ለዕይታ አስቀምጡት እንጂ እንግዳ አታስቀምጡበት።